ፊትና ጀርባው

ቡናው ገና አቦል ነው፤ አትቸኩሉ፣ እኔም አልቸኩልም። የማወጋችሁ የቸኮልኩ ዕለት የደረሰብኝን ነው።

ነገሩ የጀመረው አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ማለቴ፣ ያለቀው እዚያ ነው፤ የጀመረውማ አምና ነሐሴ፣ መብራት በጠፋበት ማታ ነው። ቆይ፣ እሱም አይደለም። መጀመሪያ የእድር ጸሐፊ እንዴት እንደሆንኩ ካልነገርኳችሁ ነገሩ ጭራና ቀንዱ አይለይም።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በትምህርቱ ነው እንዳትሉ። የቀድሞው ጸሐፊ ቤት ለቅቆ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ፣ ጉባኤው ላይ በደረት ኪሱ ስክሪብቶ የሰካ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። «እሱ ስክሪብቶ አለው» አለ አንዱ፤ ተጨበጨበ፤ አለቀ። ስክሪብቶው ቀለም ከጨረሰ ሁለት ወሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን መዋጮ እንዳልከፈለ፣ ማን ቀብር እንደቀረ፣ ስንት ወንበር እግሩ እንደተሰበረ፣ የትኛው ብረት ድስት ከየትኛው ለቅሶ ሳይመለስ እንደቀረ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ስም ስመዘግብ ኖሬ አንድ ቀን እምቢ ብል ይገርማል?

እምቢ ያልኩት እንግዲህ በዚያ በነሐሴው ማታ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ መብራት ሄዷል፤ ባለቤቴ ስልኳ ላይ ያለውን የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ ከፈተች። ያው ታውቁታላችሁ፤ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያነብ ሰው እጁ ላይ ያለውን ሥራ ጥሎ የሚሰማው። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ገልጦት የማያውቅ ሰው እንኳ በወጋየሁ ድምፅ ስለሰማው ብቻ «አንብቤዋለሁ» ብሎ ይምላል። እኔም ለብዙ ዓመት ከማሉት አንዱ ነበርኩ።

አንድ በሽታ ደግሞ አለብኝ። ታሪኩ ወደ መጨረሻው በተጠጋ ቁጥር «ዛሬስ በዛብህ ይተርፍ ይሆናል» እላለሁ። የተሸነፍንበትን ጨዋታ በድጋሚ ሲያሳዩ፣ ዛሬ ኳሷ አግዳሚውን ትመታ ይሆናል ብሎ ወንበሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ቂል አታውቁም? እሱ ነኝ። ኳሷ ገባች። በዛብህ ሞተ። ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌልም ያንኑ የምንኩስና ልብሷን እንደለበሰች ቀረች። ተነሥቼ በጨለማው ውስጥ የቡና ረከቦቱን በእግሬ መታሁት።

«ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው ሲሞት» አለች ባለቤቴ ሲኒዎቹን በዳሰሳ እየለቀመች፤ «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አገኘህበት?»

«ዛሬ አልቀብረውም!» አልኳት። ለእድር ጸሐፊ ትልቅ ንግግር ነው።

ሻማ ለኩሼ ተቀመጥኩ። ወረቀት ፈለግሁ። ወረቀት ዛሬ እንዴት እንደሚሸጥ ታውቁታላችሁ፤ ለቂልነት አዲስ ወረቀት አይገዛም። አጠገቤ ያገኘሁት ደግሞ ሊሻሻል የነበረው የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ነው፤ በኮምፒውተር የተተየበ፣ በአንድ በኩል ብቻ የታተመ፣ ጀርባው እንደ በረዶ የነጣ። ገለበጥኩትና «ምዕራፍ አንድ» ብዬ ጻፍኩበት። በቃ። አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ወረቀት ቀና ሳልል ቀረሁ፤ ያንን ረቂቅ ስጨርስ የአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ፣ የደረሰኙን ስጨርስ የልጆቹን የፈተና ወረቀት ጀርባ።

መጀመሪያ የደረሰችብኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ ለእረፍት ስትመጣ እኛ ጋ ታድራለች። አንድ ቀን የተቆለለውን አንስታ ስታነብ ቆየችና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፋን ፊክሽን ነው!» አለችኝ። የበሽታ ስም የጠራችልኝ መስሎኝ «ይድናል?» አልኳት።

የማይድን ነው አለችኝ። የሚወዱትን ድርሰት ሰዎች ተውሶ የራስን ታሪክ መጻፍ ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚያደርገው ነው። እሷ ራሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኳ ላይ ስለ ሃሪ ፖተር ስትጽፍ ኖራለች። ፈተና እያጠናች ነው ብለን እኩለ ሌሊት ሻይ በዝንጅብል የምናፈላላት ልጅ! ልቆጣ ብዬ የራሴን ክምር አየሁና ተውኩት።

እንዲያውም አጽናናችኝ። አርተር ኮናን ዶይል የሚባለው ስኮትላንዳዊ ደራሲ ሸርሎክ ሆምስ ሰለቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ስዊዘርላንድ ወስዶ ፏፏቴ ላይ ገደለው። አንባቢው አኮረፈ፣ ተቆጣ፣ ደብዳቤ አዘነበበት። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1903 ደራሲው ራሱ ሰውየውን «አልሞተም ነበር» ብሎ መለሰው። «ስለዚህ ጋሼ፣ ማኩረፍ ይሠራል» አለች። ልዩነቱ ኮናን ዶይል ያኔ በሕይወት ነበር፤ የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1996 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ማኩረፌን ማን ይስማልኝ? የተረፈኝ ራሴ ማስነሣት ብቻ ነው።

ደግሞስ የእኛ አባቶች ምን ሲያደርጉ ኖሩ? የግዕዙን ዜና እስክንድር እዩት። የመቄዶንያው እስክንድር የሞተው ከክርስቶስ ልደት 323 ዓመት በፊት ነው፤ በግዕዙ ግን በሥላሴ የሚያምን የተባረከ ክርስቲያን ንጉሥ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ? ሰውየውን ወደዱት፣ ወደው ደግሞ ሲኦል እንዲገባ አልፈለጉም፤ አጠመቁት። እኔ ከነሱ በምን አንሳለሁ አልኩና፣ በዛብህን ከማዳን አልፌ ያገኘሁትን ሁሉ ማዳን ጀመርኩ።

እስቲ ያደረግሁትን ልናዘዝ። የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ያን ሁሉ የዘር ኩራታቸውን አስጥዬ ገጽ ሦስት ላይ ንስሐ አስገባኋቸው። አለቀሱ። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩአይነትም አለቀሱ። የዲማ ጊዮርጊስ ሰው በሙሉ አለቀሰ፤ እኔም እየጻፍኩ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር አላስነቃሁም። ከዚያ ሰርግ ደገስኩ። የሰርጉ ድግስ ብቻውን ሁለት ምዕራፍ ፈጀ፤ የእድር ሰው ስለሆንኩ ስንት ወንበር፣ ስንት ድስት፣ ስንት ማሰሮ ጠላ እንደቀረበ አንድ በአንድ ቆጥሬ አስገብቻለሁ።

ይህን ሁሉ ያሳካው ማን ነው? ነጋድራስ መላኩ! እሱ ሐዲስ ዓለማየሁ ያልፈጠሩት፣ እኔ የጨመርኩት ሰው ነው። ችግር ባለበት ሁሉ በፈረስ ከች ይላል። በገና ይደረድራል፣ ቅኔ ይቀኛል፣ ጣሊያንኛ ይናገራል፣ ሽፍታ ስሙን ሲሰማ መሣሪያውን መሬት ያስቀምጣል። የእህቴ ልጅ እዚህ ስትደርስ መሬት ላይ ተንከባለለች። «ጋሼ፣ ሜሪ ሱ!» እያለች ትስቃለች። ለካ እ.ኤ.አ. በ1973 ፓውላ ስሚዝ የምትባል አሜሪካዊት በስታር ትሬክ አፍቃሪዎች ጽሑፍ ላይ ልትቀልድ ብላ ሜሪ ሱ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ተኩል መኮንን ጽፋ ነበር፤ የሕዋ መርከቧ ሰው ሁሉ የሚያደንቃት፣ የማትችለው ነገር የሌለ። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ ራሱን አሳምሮና አግንኖ ድርሰቱ ውስጥ ሲዶል በዚህ ስም ይጠሩታል።

«የኔ ወንድ ነው» አልኳት። ደግሞም አይመስለኝም አልኩ። መላኩ ረጅም ነው፣ እኔ አጭር ነኝ። መላኩ ጎፈሬ አለው፣ እኔ ግንባሬና ማጅራቴ ከተገናኙ ቆይተዋል። በአንድ ነገር ብቻ እንመሳሰላለን፤ ግራ ጉንጩ ላይ ጨረቃ የመሰለች ጠባሳ አለች። እሱ ያገኛት በ1881 መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጋ ነው። የኔዋ ከየት እንደመጣች እንደርስበታለን።

ቶናው ቀረበ? ጥሩ፤ አሁን ወደ ፎቶ ኮፒው ልግባ።

የአንድ ዓመት ሥራዬ ሲገባደድ የመተዳደሪያ ደንቡም ተራው ደረሰ። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ ለሰማንያ አባል ሰማንያ ቅጂ ይባዛ ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ለመድረስ፣ ረቂቁን ከጠረጴዛዬ ላይ ላፍ አድርጌ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ወረቀት። እስኪ ገልብጬ ልየው አይባልም? አይባልም። ያልተገላበጠ ያራል ያሉት ቂጣን ብቻ የሚመለከት መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤቷ ከታክሲ ተራው ጎን፣ ግማሿ የሞባይል ካርድ መሸጫ፣ ግማሿ ማሽን ናት። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለችኝና «ፊትና ጀርባ ነው ጋሼ?» አለችኝ። እኔ የገባኝ አሥራ ሁለቱን ገጽ በስድስት ወረቀት ላድርግልዎት ወይ ያለችኝ መስሎ ነው። ቆጣቢ ሰው ነኝ። «እንዴታ፣ ፊትና ጀርባ!» አልኳት ኮራ ብዬ፤ ስልክ ተደወለልኝና ወጣሁ።

ስመለስ ክምሩ ቁመቱ እንደ ድፎ ዳቦ ነው። ሒሳቡን ስትነግረኝ ጮህኩ። «ሃያ አራት ገጽ ነው» አለች። «አሥራ ሁለት ነው!» አልኩ። «ጋሼ፣ እኔ የሰጡኝን ነው ያነሣሁት።» «እኔን ልታሞኚ? የእድር ጸሐፊ ነኝ፣ መቁጠር ሥራዬ ነው!» ተከራከርኩ፤ ለሠልፈኛው ስለ ዘመኑ ወጣት አጭር ንግግር አደረግሁ፤ በመጨረሻ ሦስተኛውን እጅ አስቀነስኳትና ያሸነፈ ሰው ሆኜ ክምሩን አቀፍኩ። ልወጣ ስል ልጅቷ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ግን ጋሼ፣ መጨረሻው ምን ይሆናል?» አለችኝ።

«እሱን ነገ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል» አልኳት።

እስቲ ፈጣሪ ያሳያችሁ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይምጣልኝ? ደወል ይደወል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሎ ሰው ተሰበሰበ። ደንቡን አደልኩ። ግማሹ መነጽሩን ቤት ረስቷል፣ ግማሹ መነጽር ያለው መሆኑን አያምንም፤ ስለዚህ የእድሩ ዳኛ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አስነሥተው ጮክ ብሎ እንዲያነብ አዘዙ። ልጁ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ የሚያነበውን አለመስማቱ ነው። እኔ ጠረጴዛው ጋ ቃለ ጉባኤዬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

ከፊት የነበሩት ጥቂት ወረቀቶች አንቀጾቻቸው በየገጻቸው ስላለቁ ልጁ ጀርባቸውን ሳይገለብጥ አለፈ፤ ነገሩ በሰላም ሄደ። አንቀጽ 9 ላይ ደረሰ።

«አንድ አባል ሲሞት ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው ገንዘብ በገንዘብ ያዡ አማካይነት…» አለ ልጁ። ወረቀቱን ገለበጠ። የእጅ ጽሑፌ ስለሆነ እንደ አዲስ ዳዊት ደጋሚ ጎተት አደረገው። «…በዛብህ… ግን… አልሞተም።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ገንዘብ ያዣችን እንደ ተነከሰ ሰው ተነሣ። «የኔ ሒሳብ ንጹሕ ነው! በዛብህ የሚባል አባል የለንም! ለማንም በዛብህ ከፍዬ አላውቅም!»

«ተቀመጥ» አሉ ዳኛው ፊታቸው ጠቁሮ። «ሳይሞት ሞተ ተብሎ ገንዘብ የወጣበት ሰው አለ ማለት ነው። ዛሬ ይጣራል። አንብብ ልጄ!»

ልጁ አነበበ። «ነጋድራስ መላኩ ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ በዛብህን እንደ ሕፃን ታቀፈው። 'አይዞህ፤ እኔ እያለሁ ሞት ምን አባቱ!' አለው…»

እኔ ምን እያደረግሁ ነበር በሉኝ። ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነበር! ልማድ ክፉ ነው፤ እጄ ብቻዋን «2ኛ፦ በዛብህ አለመሞቱ ተነበበ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ነው ጆሮዬ ለእጄ የነገራት። ደሜ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ሲወርድ ተሰማኝ፤ መንገዱን የሚያግድ ጸጉር የለም።

«ይሄ የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ አይደለም እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ከዚያ ሰማንያ ወረቀት በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ሰማሁ። ያን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም፤ የእርግብ መንጋ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ሲነሣ ነው የሚመስለው። መነጽሩን ቤት ረሳሁ ያለው ሁሉ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ።

ላስቆም ብዬ ተነሣሁ። «የማተሚያ ስሕተት ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ልጁ ደግሞ ሳያቆም እያነበበ ነው፤ ነጋድራሱን የሚገልጸው ቦታ ላይ ደርሷል። ቁመቱን አነበበ። ጎፈሬውን አነበበ። «በግራ ጉንጩም ላይ በመተማ ዘመቻ ያገኛት፣ ጨረቃ የመሰለች ጠባሳ ነበረችው» ብሎ አነበበ።

ሰማንያ ሰው ቀና ብሎ ግራ ጉንጬን አየ።

እጄን ጉንጬ ላይ ላደርግ አሰብኩ፤ ማድረጉ መናዘዝ ይሆናል። ላለማድረግ አሰብኩ፤ ጠባሳዋ ታሳክከኝ ጀመር። ልክ በዚህ መሐል ከፊት ወንበር ከተቀመጡት አሮጊቶች አንዷ፣ ጎረቤቴ እማማ፣ ከዘራቸውን ወደ ፊቴ ቀሰሩ። «ይህችንስ ጠባሳ አውቃታለሁ!» አሉ። «የምን መተማ? የኔን ዘይቱና ሊሰርቅ ወጥቶ ሲወድቅ ነው! በቡና የሞላሁለት እኔ ነኝ!»

ሳቁ ድንኳኑን ሊነቅለው ምንም አልቀረውም። የጥሩምባ ነፊያችን ሳቅ ብቻውን የሦስት ሰው ነው፤ ሰውየው ሳንባ አለው። ቃለ ጉባኤው ላይ «3ኛ፦ የጸሐፊው ጠባሳ» የሚል በእኔው እጅ ተጽፎ ዛሬም አለ፤ ሰርዤው ነበር፣ ዳኛው «የተባለ ይጻፍ» ብለው መልሰው አጻፉኝ።

እኔ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ውይይት ተከፈተ! ለመዋጮ ጭማሪ አፉን የማይከፍት ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። አንድ ጎጃሜ ጡረተኛ ቆሙ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከንዴት ነው። «ይሄ ነጋድራስ የምትለው በነሐሴ ወር አርባ አህያ ይዞ ዓባይን ተሻገረ ብለሃል። በነሐሴ! በደጀን በኩል! ድልድይ የት ነበረና ነው በዚያ ዘመን? ዓባይ በነሐሴ እንኳን አህያ ዛፍ ነቅሎ የሚሄድ ውኃ ነው! አህዮቹ የታሉ አሁን?» አህዮቹን በእውነት የገደልኳቸው ያህል ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ አባል ቀጠሉ። «አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የቅጂ መብት። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ጸሐፊያችን ይህን ሊያሳትም ካሰበ እስከ 2046 ይታገሥ።» በ2046 እኔ ራሴ በእድሩ መዝገብ ላይ የተሰረዘ ስም ነኝ፤ በዚያ ላይ በኔ ቦታ የሚጽፈው ሰው ጀርባው ላይ ምን እንደሚጽፍብኝ ማን ያውቃል?

ጥሩምባ ነፊው ደግሞ በጣም ቅር ብሎታል። «ሰው ሲሞት እነፋለሁ» አለ። «ሞቶ ለተነሣ ምን ልንፋ?»

ዳኛው በመጨረሻ ጠረጴዛውን መቱ። «እኛ እድር ነን» አሉ። «ሥራችን የሞተን በወግ በማዕረግ መቅበር ነው። ጸሐፊያችን የተቀበረ እያወጣ የማኅበሩን ዓላማ አፋልሷል።» የወረቀቱን ዋጋ ከኪሴ እንድከፍል፣ በተጨማሪም መቶ ብር እንድቀጣ ተወሰነ። ቅጣቱ ያረፈበት አንቀጽ እኔ ራሴ ያረቀቅሁት ነው። ውሳኔውንም እኔው ጻፍኩት። ከፎቶ ኮፒዋ ልጅ ላይ ተከራክሬ ያስቀነስኩት ሦስተኛ እጅ እዚያው ላይ ተመለሰ፤ የሰው ላብ አይበላም። በነጋታው ሄጄ ቀሪውን ሰጠኋት። «መጨረሻውን ወሰኑ?» አለችኝ። ወሰኑ አልኳት።

ከዚያ በየቤቱ እየዞርኩ ቅጂዎቹን ሰበሰብኩ። ሰማንያ አድዬ ስድሳ ሦስት ተመለሰልኝ። አሥራ ሰባቱን ማንም አላየሁም አለ፤ ከምድር ጠፉ። ከተመለሱት መካከል የደንቡን ገጽ የገለጠው ያለ አይመስልም፤ ጀርባው ግን በሽንብራ ቆሎ ጨው ተሞልቷል፣ በወጥ ተነክቷል። የጎጃሜው ጡረተኛ ቅጂ በቀይ ስክሪብቶ ታርሟል፤ ያለበትን «ነሐሴ» ሁሉ ሰርዘው «ጥር» ብለውታል፤ አርባውን አህያ ደግሞ ስምንት አድርገውታል።

አንዱ ቅጂ ግርጌው ላይ በልጅ እጅ የተጻፈ አንድ መሥመር ነበረበት፦ «ካሳስ?»

የማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም። እማማ መጻፍ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ነው። ሄጄ ዘይቱናው ሥር ተቀመጥኩ፤ ያው ዛፍ ነው፣ አርጅቷል፣ እኔም። ቡና ቀዱልኝና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ከከዘራው ይልቅ ያስፈራሉ።

«በዛብህን አዳንክ» አሉ ቆይተው። «ልጅቱን ዳርክ። ፊታውራሪን መንግሥተ ሰማያት አስገባህ። ለአህያ እንኳ ስም አውጥተሃል። ካሳን የት ጣልከው? ያ ሁሉ ሰው እብድ ነው፣ ጉዱ ካሳ ነው እያለ ሲስቅበት፣ ይሄ የዘር ነገር፣ ይሄ ግፍ ጉድ ያፈላል እያለ የለፈለፈው ሰውዬ የታለ?»

ቤቴ ገብቼ የአንድ ዓመት ክምሬን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩ። አሁን ነው እንግዲህ የማገላብጠው። ካሳ ዳምጤ አንድ ቦታ ላይ አለ፤ ሰርጉ ላይ፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ «ፈገግ አለ» የሚል። ሌላ የለም። ምን ይበል? ፊታውራሪ ገጽ ሦስት ላይ ንስሐ ከገቡ፣ ገበሬው ከጠገበ፣ ነጋድራስ መላኩ ሁሉንም በፈረስ ከፈታው፣ ካሳ ለማን ይናገር? ማንንም አልቀብርም ብዬ ምዬ የተነሣሁት የእድር ጸሐፊ አንዱን ከነሕይወቱ፣ አፉ ላይ ፈገግታ ለጥፌ ቀብሬዋለሁ። እሱንም ከነወንበር ቆጠራው።

እማማ ደጋግመው «ይናገር» ስላሉኝ ጀመርኩ። አዲስ ወረቀት ገዛሁ፤ ሁለቱም ገጹ ባዶ የሆነ። ሰርጉ ላይ ካሳን አስነሣሁትና አንድ ነገር ብቻ ይበል ብዬ ስክሪብቶውን ለቀቅሁለት። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ የሚል ሰው አይደለም። መጀመሪያ ነጋድራስ መላኩን «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» አለው፤ መላኩ ወዲያው መልስ አጣ፣ ፈረሱን ፈልጎ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ቀጥሎ ወደ ፊታውራሪ ዞረ። ስለ ዘር ቆጠራቸው፣ ስለ ገበሬው የተናገራቸው ነገር ደም ሥራቸውን ገተረው፤ ንስሐቸውን እዚያው ድግሱ ላይ አነሡ። ሙሽራዋን ወደ ጓዳ አስገቧት። ድንኳኑ ፈረሰ። ወንበሮቹን ሳልቆጥር ቀረሁ።

በዛብህ ትናንት ማታ ስንቁን ቋጥሮ ተነሣ። አትሂድ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት፣ ሦስቱንም ሰረዝኩት። መንገዱ ወዴት እንደሚያደርሰው እኔም አውቃለሁ፣ ወጋየሁም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና፣ እሱ እዚያ መንገድ ላይ እንዳለ፣ ቡና ልጠጣ ወደ እናንተ መጣሁ።

በረካው ደረሰ አይደል? ቀስ እያላችሁ ቅዱት። ይሄ ሲያልቅ ቤቴ መግባቴ ነው።